ለግማሽ ቀን የመጣው አልጋ፦ የአዋላጇ እህታችን የሕይወት ታሪክ

አገሬው ሁሉ «እትዬ አዋላጅ» እያለ የሚጠራቸው እህታችን ከገበሬ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1954 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ባለችው መንደር ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ቢሆንም እናታቸው እስከ ወንዙ እየሸኟቸው ስምንተኛ ክፍል ደረሱ። ይህን ጽሑፍ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ያን ዕድል አላገኘችም፤ ቤት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበርና።

በ1974 ዓ.ም. በአዋላጅነት ሠልጥነው በከተማው ሆስፒታል አራት ዓመት አገለገሉ። በ1978 ዓ.ም. ግንበኛ ባለቤታቸውን አግብተው ወደ መንደራቸው ተመለሱ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። ከዚያ ወዲህ ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንግተው ቤት ለቤት እየዞሩ አዋለዱ። በደብተራቸው የተመዘገቡት ሕፃናት አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ምጥ ለጠናባት «አይዞሽ፣ እኔም ሁለቴ ሞቼ ተነስቻለሁ» ይሉ ነበር። በበር ቀዳዳ ለሚያጮልቅ ባል ደግሞ «አንተ ድርሻህን ጨርሰሃል፣ ሂድና ውሃ አፍላ» ይሉታል።

በ1994 ዓ.ም. መንግሥት ሕክምናን ለገጠሩ ሕዝብ አቀርባለሁ ብሎ በመንደራችን ጤና ጣቢያ አሠራ። ግንቡን የገነቡት ባለቤታቸው ናቸው። የጣቢያው ኃላፊ ሆነው የተመደቡት እህታችን ያን ሰሞን ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ወለሉን በገዛ እጃቸው አጠቡ። በምረቃው ቀን ከከተማ የመጣ የጭነት መኪና የማዋለጃ አልጋ፣ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የሕፃናት ሚዛንና ሦስት ካርቶን መድኃኒት አወረደ። ሪባን ሊቆረጥ ሲል የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ የርክክብ ወረቀት አቀረበላቸው። እህታችን «ካርቶኑን ከፍቼ፣ ቆጥሬ ልፈርም» አሉ። ሠራተኛው «እንግዶቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል እኮ፣ እትዬ! ለወግ ያህል ነው» አላቸው። ሰው ፊት ሰው ማሳፈር አይሆንላቸውም ነበርና ፈረሙ። ዕድሜ ልካቸውን የቆጫቸው ስህተት ይህ ነው።

ፎቶ ተነሳ፣ ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። እንግዶቹ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው እንደሄዱ ያው መኪና ወደ ኋላ ተጠግቶ አልጋውንም፣ ማቀዝቀዣውንም፣ ሚዛኑንም፣ ካርቶኖቹንም መልሶ ጫነ። ሌላ መንደር ስለሚመረቅ ነው፣ በሳምንቱ ይመለሳል ተባለ። አንደኛው ካርቶን ከመኪናው ላይ ወድቆ ሲፈነዳ በውስጡ የተገኘው የተጨማደደ አሮጌ ጋዜጣ ነበር። ያንን የሚያውቅ ሰው በሬዲዮ «የገጠሩ ጤና» ሲባል በሰማ ቁጥር ሬዲዮውን ይዘጋል።

ሳምንቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። እህታችን አልጋ በጠየቁ ቁጥር «ተረክበዋል፣ ፊርማዎ አለ» የሚል መልስ ይመጣላቸዋል። ደብዳቤ ጻፉ፣ ደጅ ጠኑ፤ ሰሚ አላገኙም። ባለቤታቸው ከትራፊ ጣውላ መደርደሪያ ሠሩላቸው። እናቶች ወለል ላይ በተነጠፈ ሸራ ወለዱ። ቧንቧው ከምረቃው ቀን በኋላ ጠብታ አልወጣውም፤ ጓንት ተቀቅሎ፣ እንደ ካልሲ ገመድ ላይ ተሰጥቶ እንደገና ይጠለቅ ነበር። ቀለሙ ግን ሦስት ጊዜ ታደሰ። ጎብኚ በመጣበት አንድ ቀን ምጥ ላይ ያለች ሴት «ክፍሉ እንዳይቆሽሽ» ተብላ ከሕንፃው ጀርባ እንድትቆይ ተደርጓል። ጎብኚው ያንን ሸራ ሲያዩ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «ንጽሕና ይጎድላል» ብለው ጻፉ። ይህ በሐዘን ቀን አይነገርም የሚል ካለ፣ ያልተገባው ሥራው እንጂ መነገሩ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. ለጡረታ ቢደርሱም ተተኪ ስላልተላከ ሥራቸውን አላቆሙም። ታናሽ እህታቸው በዚያው ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ስትጀምር፣ ደብዳቤዎቻቸውን እያስገለበጡ ያስጠኗት ነበር፤ «የነገሩሽን አትፈርሚ፤ ያነበብሽውን ፈርሚ» ይሏት ነበር።

የደም ግፊት ሕመም ነበረባቸው። ክኒኑ በመዝገብ ላይ እንጂ በመደርደሪያው ላይ አልነበረም። መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ሥራ ላይ ሳሉ ወደቁ። መሸከሚያ ስላልነበረ ባለቤታቸው የማዋለጃ ክፍሉን በር ነቅለው፣ በእርሱ ላይ ተሸክመናቸው ሆስፒታል ደረስን። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «የእናንተ ጤና ጣቢያ እኮ የተሟላ ነው፣ ለምን እዚያ አልታከሙም?» ብሎ ጠየቀን። እህታችን መልስ ከመስጠት ያረፉት በማግሥቱ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ነው።

ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸው ገና ከቤት ሳይወጣ አዲሱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ መጣ። በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ «ሙሉ ቁሳቁስ የተሟላለትን ጤና ጣቢያ በብቃት የመሩ» የሚል ቃል እንዲገባ የታዘዘበትን ወረቀትና፣ ቤተሰቡ የሚያስረክበውን ንብረት ዝርዝር ይዞ ነበር። ቃሉን አላስገባንም። ዝርዝሩን ለታናሽ እህታቸው ሰጥቶ የቀለም መርገጫውን ከፈተላትና «እማማ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ፤ ለወግ ያህል ነው» አላት። የእርሷ ልጅ በመጪው ወር ትወልዳለች። ወረቀቱ እንዳለ ከተፈረመ ልጇም የምትወልደው በዚያው ሸራ ላይ ነው።

«ቁጭ በል ልጄ፣ ላንብበው» አለችው። ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች ቀስ ብላ አነበበች። የማዋለጃ አልጋ፣ አንድ፦ «የለም» ብላ ጻፈች። ማቀዝቀዣ፣ አንድ፦ «የለም»። ሚዛን፣ አንድ፦ «የለም»። መድኃኒት፣ ሦስት ካርቶን፦ «ጋዜጣ ነበር»። መደርደሪያ በዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረ ከታች ጨመረችው፦ «አለ፤ ባላቸው የሠሩት»። ሠራተኛው «ኧረ እንዲህ አይጻፍም!» ቢላት፣ «ተጻፈ» ብላ ሙሉ ስሟን ፈረመችበት። ግልባጩ ከእህታችን ደብዳቤዎች ጋር ተቀምጧል፤ ማንበብ ለሚፈልግ ቤታችን ክፍት ነው።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ይህን ሁሉ ሰው ወደዚህ ዓለም በእጃቸው የተቀበሉትን እህታችንን፣ ፈጣሪ እርሳቸውንም በእጁ ተቀብሎ፣ አልጋ በተነጠፈበት ቤት ያሳርፍልን።