ምድብ ለ እና የእኔ እሑድ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ጠዋት

ለማስታምማቸው ሽማግሌ፣ ለሲኞር ኦሬስቴ፣ መድኃኒታቸውን ሰጠሁ። ጢማቸውን ላጨሁ። ሮዙን የስፖርት ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጣልያንኛ የተማርኩት ከዚሁ ጋዜጣና ከመድኃኒት ወረቀት ነው። «ማንኪያ» ከማለቴ በፊት «ከጨዋታ ውጪ» ማለት አወቅሁ።

ደብተሬ፣ ዘንድሮ የሀገራችን ሊግ ለሁለት ተከፍሏል። ምድብ ሀ፣ ምድብ ለ። አባቴ የሠራበት ፋብሪካ ክለብ ለ ደረሰው። ለሲኞር ኦሬስቴ ነገርኳቸው። አዘኑልኝ። ሴሪ ቢ ወረዳችሁ እንዴ አሉ። አይደለም! እዚህ ጣልያን ሴሪ ኤ ከላይ፣ ሴሪ ቢ ከታች ነው። የእኛ ጎን ለጎን ነው። ሁለት ሠንጠረዥ እኩል አድርጌ ሣልኩላቸው። አዩት። አላመኑም።

እሑድ፣ ኅዳር 7። ማታ

ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አደባባይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። እትዬ ብርነሽ፣ እኔ፣ የሀገራችንን ጨዋታ የምናይበት አንድ ስልክ። የሳምንቱ ብቸኛ የራሴ ቀን። እትዬ ብርነሽም እንደኔ ሰው ቤት ሽማግሌ ያስታምማሉ። ክለባቸው ምድብ ሀ ነው፤ ስለዚህ አያስቀምጡኝም።

«ለ ማለት ለለቅሶ ነው፣ የኔ እህት!» አሉኝ።

«ሀ ደግሞ ለሀሜት» አልኳቸው።

እኔ ነኝ ያልኩት? እኔው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11። ከሰዓት

ተናድጃለሁ። በራሴ።

የሲኞር ልጅ፣ ሲኞራ ላውራ፣ መጣች። ባሕር ዳርቻ ቤት ተከራይታለች። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እሑድ እዚሁ እንድውል፣ በምትኩ ማክሰኞ እንድወጣ ነገረችኝ። ቫ ቤኔ አልኩ። አፌን በቆረጠው! እኛ ሰው ሲናገር እሺ፣ እሺ እንላለን፤ እየሰማሁ ነው ለማለት። ያንኑ በጣልያንኛ አልኩት። እሷ ተስማማች ብላ ቁልፏን አንስታ ሄደች።

የመጨረሻው ጨዋታ እሑድ ነው። ከየምድቡ ታች ያሉት ይወርዳሉ። አቻ ከወጣን እንተርፋለን።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13። ከሰዓት

ኮንትራቴን ከሻንጣ አወጣሁ። ስፈርም አላነበብኩትም ነበር። ዛሬ ቃል በቃል አነበብኩ። «ሪፖዞ» የሚለውን አውቀዋለሁ፤ ጋዜጣው ቡድኖቹ ለእረፍት ወጡ ሲል የሚጽፈው ነው። ከጎኑ እሑድ ይላል። ከሥሩ የኔ ፊርማ፣ የሲኞራ ላውራ ፊርማ።

ደወልኩላት። ቫ ቤኔ ያልኩት ሰማሁ ለማለት ነው፣ እሑዴን አልሰጥም አልኳት። ለምን እንደሆነ ጠየቀች። ጨዋታ አለ አልኩ። ሳቀች። ለሴሪ ቢ ቡድን?

ሴሪ ቢ አይደለም አልኩ። ቢሆንስ? ቀኑ የኔ ነው።

 እንግዲያው በቦታሽ ሌላ ሴት መፈለግ ሊኖርብኝ ነው አለች።

ሆ ካፒቶ፣ ገብቶኛል አልኩ። ቫ ቤኔ አላልኩም።

ስልኩን ዘጋሁ። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደሰው በዚህ ሥራ ነው። እዚህ ያለ ወረቀት የሚያድር ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። አዎ፣ ፈርቻለሁ። ፈርቼም እወጣለሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 16። ጠዋት 3 ሰዓት

ሲኞራ ላውራ መጣች! የባሕር ቦርሳዋን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ሰላም አላለችኝም። የመድኃኒቱን ሰዓት በወረቀት ሰጠኋት። ሾርባው ምድጃ ላይ ነው፣ ጨው እንዳትጨምሪ አልኳት። ሰኞ እንነጋገራለን አለች። እንነጋገር።

ሲኞር ኦሬስቴ ከአልጋቸው ሆነው «ፎርዛ፣ በርቱ ሴሪ ቢ!» ብለው ጮኹ። እኚህ ሰው ሳይገባቸው ሊሞቱ ነው።

ያው ቀን፣ ማታ 1 ሰዓት

ወረድን።

አንድ ለባዶ። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ በፍጹም ቅጣት ምት። በረኛችን በትክክለኛው አቅጣጫ ወድቆ ነበር፤ ኳሷ ከጣቱ ሥር አለፈች። አለቀስኩ። እትዬ ብርነሽ ምንም አላሾፉም። ጄላቶ ገዝተው መጡ፤ በእጄ ላይ እስኪቀልጥ ይዤው ቆየሁ።

አሎራ፣ እንግዲህ ሊጉም አለቀ፣ እሑድ እሑድ ምን ልትሠሪ ነው አሉኝ።

አሰብኩ። በሚቀጥለው እሑድ ጨዋታ የለም። ከዚያም በኋላ ባለው የለም።

እወጣለሁ።