ራሱ ይነሳል ያልኩት ፋን

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ጎንበስ ስትዪ አሁንም ይይዝሻል ወይስ ተሻለሽ? የእናታችን ዓይን እንዴት ሆነ? መነጽሩን ታደርገዋለች ወይስ እንደ ልማዷ መሳቢያ ውስጥ ከታው ፊደሉ ሁሉ አነሰብኝ እያለች ነው? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ የግቢው ሰው ሁሉ ደህና ነው? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የጋራዡ ዋና መካኒክ መሆኔን ስትሰሚ በደስታ ማልቀስሽን፣ እናታችንም ለጎረቤቱ ሁሉ ማውራቷን ጽፈሽልኛል። እዚህ ቦታ እንዴት እንደደረስኩ ለአንድ ሰው ሳልናገር አራት ወር ሆነኝ። ላንቺ ልንገርሽ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ጆሮ የምንላቸው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። የሞተር ድምፅ ሰምተው ብቻ ጉድለቱ የቱ ጋ እንደሆነ ስለሚናገሩ ነው ስሙ የወጣላቸው። እዚህ ስመጣ ካቻቢቴ አያያዝ እንኳ አላውቅም ነበር፤ እጄን ይዘው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ብርድ ያሳለፍኩት የሳቸውን ካፖርት ለብሼ ነው። ግን ደግሞ ስሳሳት በደንበኛ ፊት «ተው፣ እንደገና ፍታው» ይሉኝ ነበር። ልክ ነበሩ። የሚያንገበግበኝም ልክ መሆናቸው ነበር።

አንዲት አትክልት ነጋዴ አሮጌ ፒክአፕ አላት፤ በዕድሜ ከራሷ ሳይበልጥ አይቀርም። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጋለ እንፋሎት ይተፋባታል። አለቃችን በሞተሩ ጉልበት፣ በቺንጋ የሚዞረውን የድሮ ፋን አውጥተን በባትሪ የሚሠራ እንድንገጥምላት ወሰነ። ከተጣለ ትልቅ መኪና ላይ የብረት ቅጠል ያለው ፋን ተገኘ። ጋሼ ጆሮ አልወደዱትም። «የድሮው ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ይሄኛው መቼ እንደሚዞር በምን አውቃለሁ?» አሉ። አለቃችን «ሽማግሌው ኤሌክትሪክ ፈራ» አለ። እኔም ቀበል አድርጌ «ጋሼ፣ ሻማ እናብራልዎት?» አልኳቸው። ጋራዡ በሳቅ ፈነዳ። ደስ አለኝ፤ ያን ያህል ያሳቅኩበት ቀን አልነበረም።

ፋኑን ራዲያተሩ ላይ አሰርነው። ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ውሃው ሲግል ፋኑን በራሱ የሚያስነሳውን ነገር ገና አላገናኘሁትም ነበር፤ ለሙከራ መሪው ስር አንድ ማብሪያ ብቻ አድርጌ ነበር። ከምሳ በኋላ አለቃችን ወደ ጎን ጠራኝና «ሽማግሌው ብሎኑን አጥብቆ ሲጨርስ ፋኑን ድንገት አስነሳበት፤ እናስደንግጠው። እጁን እስኪያወጣ ግን ጠብቅ» አለኝ። ገብቼ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የተከፈተው ኮፈን ፊታቸውን ጋርዶብኛል፤ ከስሩ ባለው ክፍተት ግን ክርናቸው ይታየኛል። እጃቸው ገና ውስጥ ነው። ይህን እወቂልኝ እትዬ፣ አይቻለሁ። ባልደረቦቼ አፋቸውን ይዘው እኔን እኔን ያያሉ፤ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ደርሷል። ያ ሳቅ ሳይበርድብኝ ብዬ ማብሪያውን ተጫንኩት።

ጩኸት አልሰማሁም። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ብቻ ነው የመጣው። አጥፍቼ ስወርድ ጋሼ ጆሮ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ጨብጠው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ሌሎቹን ሰፍቶ አተረፈላቸው፤ አመልካች ጣታቸውንና የመሃል ጣታቸውን ግን ቆረጣቸው።

አልጋቸው አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ሲነቁ መጀመሪያ «ሞተሩ ጠፍቶ ነበር አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «መኪናው ውስጥ ሰው ነበር?» ሲሉኝ «ማንም አልነበረም ጋሼ። ሞተሩ ከጋለ ጠፍቶም ቢሆን ፋኑ ራሱ ይነሳል» አልኳቸው። ምላሴ አልተያዘም፣ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ኤሌክትሪኩን ስለማያውቁት አመኑኝ፤ አለቃችንም ባልደረቦቼም እስከ ዛሬ አልነገሯቸውም። «እንግዲያው ለሰው መንገር አለብን» አሉ።

ከሆስፒታል እንደወጡ ካርቶን ላይ በግራ እጃቸው፣ በተንጋደደ ፊደል፣ «ሞተር ቢጠፋም ፋኑ ራሱ ይነሳል፤ እጅ አይግባ» ብለው ጻፉና ኮፈኑ ውስጥ እንድለጥፈው ሰጡኝ። ለጠፍኩት።

ፒክአፑ ከዚያ ወዲህ ዳገቱን ሳይግል ይወጣል። ነጋዴዋ ለሰው አወራች፤ አሁን ፋን ሊያስቀይር የሚመጣው መኪና ብዙ ነው። የጋሼ ጆሮን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ። እሳቸው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የቆሸሸ ብሎን በናፍጣ ያጥባሉ። አለቃችን ጆሮ የሚለውን ስም ትቶ የቀሩላቸውን ጣቶች ቆጥሮ «ስምንት» ይላቸዋል። «ስምንት፣ መፍቻ አቀብል» ሲል ሁሉም ይስቃል። የመጀመሪያው ቀን እኔም ስቄያለሁ። ቀና ብለው ያዩት እኔን ብቻ ነው።

ትናንት ወደ ክፍላቸው ጠርተውኝ፣ ሩቅ ላለችው ልጃቸው ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የማላውቀው ነገር ውስጥ እጄን የከተትኩ እኔው ነኝ» አሉ። ጻፍኩ። «ይህን የሚጽፍልሽ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ሆስፒታል ሳለሁ ከአጠገቤ አልተለየም። መፍቻዎቼን ለልጅሽ እንዳስቀምጥልሽ ነግረሽኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ፣ ለሱ ሰጥቼዋለሁ» አሉ። መስጠታቸውን የሰማሁት ያኔ ነው። እስክሪብቶው ቆመብኝ። «ምነው፣ ፈጠንኩብህ?» አሉኝ። «አይ፣ ጋሼ» ብዬ ጻፍኩት። አንብብልኝ ሲሉኝም አንዲት ቃል ሳላስቀር አነበብኩላቸው። ሳጥኑን ከአልጋ ስር በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ። እያንዳንዱ መፍቻ ዘይት ተቀብቶ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ተሸክሜው ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት እውነቱን ልነግራቸው አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። «ሳጥኑ ከበደህ እንዴ?» አሉኝ። «አልከበደኝም» ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ንገራቸው እንደምትዪኝ አውቃለሁ እትዬ፤ ስለዚህ ምክር አልጠይቅሽም። ብትዪኝም እንዳላደርገው ነው የምፈራው። የሳቸውንም ያንቺንም ደብዳቤ ነገ አንድ ላይ ፖስታ ቤት አስገባቸዋለሁ።

ባለቤትሽን ሰላም በዪልኝ፤ ሳሉ ከበረታበት ይታከም። ትልቋን ልጅሽን በፈተናዋ እንኳን ደስ አለሽ በያት። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። አክስታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ጎረቤቶችንም በየስማቸው ሰላም በያቸው። ይህን ደብዳቤ ግን ለእናታችን አታንብቢላት። ልጅሽ ሥራው ጥሩ ነው፣ አለቃው ይወደዋል፣ ያስተማሩትም ሽማግሌ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት በያት። አንዱም ውሸት የለበትም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከጋራዡ ጓሮ ክፍል
ሰኞ፣ ጥቅምት ፬ ቀን