ሁለት ፊርማ

ለወንድሜ፣ የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የእማማ ጉልበትም ተሽሏታል።

ለአባባ ቤት ውርስ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተጠርቼ ነበር። ቃዲው፣ «ልጄ፣ ሁለታችሁም ፈቅዳችሁ ካልፈረማችሁ እኔ አልዳኝም፤ የመንግሥት ሕግ ነው» አሉኝ። «ኧረ እኔ አልፈረምኩም» ስላቸው፣ ባለፈው ለእረፍት መጥተህ ያስገባኸውን ወረቀት አሳዩኝ። ከስምህ ሥር ስሜ አለ፤ ተፈርሞበታል። የፊርማው ጭራ ወደ ላይ ይጠመዘዛል፤ ልክ ያኔ አባባን ሆነህ ሪፖርት ካርዴ ላይ ስትፈርምልኝ እንደነበረው። እንዴት ስቀን ነበር!

ቃዲው «ታዲያ ማን ፈረመው?» ሲሉኝ ሳል ያዘኝ። ብትጠይቀኝ እኮ እፈርምልህ ነበር።

እማማ ዱዓ ታደርግልሃለች፤ ለልጆችህ ሰላም በልልኝ። ደብዳቤው የእኔ መሆኑን እንድታውቅ፣ በፊርማ ፋንታ አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ።

እህትህ