ሦስተኛው ሳህን

…እና አንተ የዱቄቱን ሙጫ ሾርባ መስሎህ አንድ ማንኪያ የጎረስክ ዕለት፣ እማዬ ሆዷን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ የሳቀችው ትዝ ይልሃል? ወንድምዬ፣ ለካስ ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርኩ። ናፍቆቴ ከዚህ ወረቀት ይሰፋል፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኔና እማዬ ደህና ነን።

ምግብ ማብሰል ወደድኩልህ። ከሥራ መልስ ሽንኩርት ሳቁላላ ድካሜ ይጠፋል። ቅጠል መርገፍ ስለጀመረ ደግሞ፣ እንደ ልጅነታችን የደረቀውን እየለቀምን በስስ ወረቀት ላይ በዱቄት ሙጫ ለጥፈን ፋኖስ እንሠራለን።

ዛሬ ሙጫውን ምድጃ ላይ ትቼ ቅጠል ልለቅም ወጣሁ። ስመለስ እማዬ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሳበት፣ በሦስት ሳህን አቅርባ፣ የራሷን አጋምሳዋለች። ቅጠሉ ከእጄ ተበተነ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ሙጫው ነው።»

«እጅሽ ይጣፍጣል፤ ጨው ብቻ ረስተሽ ነበር» አለችኝ። «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ብስቅ ትስቃለች ብዬ ሳቅሁ። አልሳቀችም። ቁጭ ብዬ በላሁላት። ሦስተኛውን ሳህን በጥንቃቄ ከደነችው።

እንቅልፍ አጥታ ይሆናል። አንተ ግን ፈቃድ ካገኘህ ብቅ ብትል አይከፋም፤ እንዲያው ለጨዋታ።

በል እንግዲህ፣ መውጫ መግቢያህ ይቅናህ። እማዬም ሰላም ትልሃለች ልልህ ነበር። አሁን ግን ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ፣ የልጅነት ሹራብህን በክንዷ ይዛ፣ «ልጁ ከትምህርት ቤት ሊወጣ ነው፤ ብርድ እንዳይመታው» አለችኝ።

ብዕሬን ሳላስቀምጥ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።