ብስክሌቱን የቆለፍኩ ሰሞን

ግንቦት 6
ቢሮ ዋልኩ። ባለጉዳይ፣ የመሬት ድንበር ክርክር፣ ጭቅጭቅ... አመሻሽ ላይ ልጄ ሩሃማ ቀሚሷ ጭቃ ብቻ ሆኖ መጣች። ብስክሌት ካገኘች ወዲህ እግሯ መሬት አይነካም። ሰፈሩ "ሴት ልጅ በብስክሌት!" እያለ ቆሞ ያያታል። እኔ ደስ ይለኛል። ትምህርት ቤቷ ሩቅ ነው።

ግንቦት 11
የሥራ ባልደረባዬ የየሺዋስ ወንድም ሞተ። በሮብ ገበያ መንገድ በብስክሌት ሲመጣ አይሱዙ ገጨው። ከልቅሶ መምጣቴ ነው። እናቱ "አሁን ወጣ፣ አሁን!" ትላለች። ሌላ ቃል የላትም።
ቤት እንደገባሁ የሩሃማን ብስክሌት በሰንሰለት ቆለፍኩት።
"አባዬ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?"
"ምንም። ለአንቺው ብዬ ነው።"
"እስከ መቼ?"
የሰንሰለቱን ቁልፍ ኪሴ ከተትኩ። እስከ መቼ ነው?

ግንቦት 13
በባጃጅ ሄደች። አታናግረኝም።

ግንቦት 21
ጎረቤታችን ሀይለመለኮት ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ነርስ ነው። በር ላይ አገኘሁትና ጠየቅሁት። በብስክሌት የሚጎዳ ሰው ብዙ ነው?
"አለ እንጂ። ግን የባጃጁ ይበዛል። ደሞ ከዛፍ የወደቀ፣ በቅሎ የረገጠችው፣ አምፖል ሲቀይር ከወንበር የወደቀ..."
"ታዲያ ሰው ቤቱ ይቀመጥ?"
"አምፖል የቀየረው የት ሆኖ መሰለህ?" ብሎ ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም። ልጄን በባጃጅ እየላክሁ ነው... ግን ባጃጅ የሚሳፈረው ሕዝብ ስንት ነው? ብስክሌት የሚነዳውስ? የባጃጅ ቁስለኛ የበዛው ባጃጅ ስለሚብስ ነው፣ ወይስ ተሳፋሪው ስለበዛ? ጭንቅላቴ ዞረ። ለባለቤቴ ለሥራነሽ ላስረዳት ሞከርኩ። "አንተን የያዘህ ልቅሶው ነው፣ ሂሳቡ አይደለም" አለችኝ። እውነቷን ይሆን?

ሰኔ 3
እሑድ።
ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ሩሃማ ጓዳ ሆና ለፈተና ታጠናለች። ጣቷ በብርድ ደንዝዞ እስክሪብቶ መያዝ አቃታት። የከሰል ምድጃ አቀጣጥዬ አስገባሁላት። ንፋስ እንዳይገባባት መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩንም ገጠም አደረግሁት። እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም።
ሥራነሽ ለምሳ ጠራቻት። ዝም። "ተኝታ ነው" አልኩ። ተኝታ ነው አልኩ! ሥራነሽ ገብታ ጮኸች... ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ተሸክሜ ዝናቡ ላይ አወጣኋት። አስመለሳት። ባጃጅ ውስጥ ጭንቅላቷ ክንዴ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። "ፍጠን! ፍጠን!" እላለሁ። ባጃጁን እኮ ነው ፍጠን የምለው...
ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላት። አመሻሽ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

ሰኔ 4
ሐኪሟ "ከሰሉ ነው። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም። ትንሽ ብትቆይ ኖሮ..." አለችና ተወችው። ብዙ ሰው በዚህ ይመጣል አለች። ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ፈርቶት ያውቃል? ቤታችን ሁሌ ያለ ነገር!
ሩሃማ አጠገብ ተቀመጥኩ። "እኔ ነኝ ያስገባሁብሽ" አልኳት።
"በርዶኝ ነበር እኮ፣ አባዬ። ሙቀቱ ደስ ይል ነበር።"
ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። ከአይሱዙ ላሽሻት ብዬ ስቆልፍ፣ በሌላ በኩል በገዛ እጄ... እንግዲህ የቱን ነው የምፈራው? ሁሉንም? ሁሉን ፈርቶ ይኖራል?

ሰኔ 9
ቤት ገብታለች። በሩን እየከፈትኩ ስታጠና አያታለሁ። "አባዬ፣ እየተነፈስኩ ነው" ትለኛለች። ብስክሌቱን ከቆለፍኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

ሰኔ 19
ሰንሰለቱን ፈታሁት።
"እርግጠኛ ነህ?" አለችኝ።
"አይደለሁም።"
እውነቴን ነው። አደጋ የለውም አልላት ነገር፣ የየሺዋስ ወንድም አፈር ለብሷል። አደጋ ነው ብዬ ቤት እንዳላስቀምጣት፣ ቤቱን አየሁት። ዳር ዳሩን ያዢ፣ ቁልቁለቱ ላይ ቀስ በይ... አልኳት። እንደወጣች አንድ አይሱዙ ከኋላዋ መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሁለቱም ኩርባውን አልፈዋል።
ሥራነሽ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። "እንዲህ እየፈራህ ለምን ለቀቅሃት?"
ሰንሰለቱን ሰብስቤ ገባሁ።
አሁን ሩሃማ ተመልሳ ገብታለች። ርቧት ቆማ እየበላች ነው፤ ከእናቷ ጋር ሲሳሳቁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ነገም እሄዳለሁ ብላለች። እኔም ነገ እፈራለሁ። ትሂድ።