ስሜ በእጅ ሲጠራ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 16

ለምወድህ ለመጨረሻው ልጄ፣

እንዴት ከርመሃል የኔ ጌታ? ልብስ ስፌቱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ይሄ ደህንነት ከተባለ። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፍልህ። ቸኩዬ ነውና ጽሕፈቴን ታገሠኝ።

አዲሱ መጋቢያችን ዛሬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከመድረኩ ጎን አንዲት ወጣት አቁሞ ስብከቱን በእጇ አስተረጎማት! የፊት ወንበሮቹን መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሞልተዋቸዋል። ሰፈራችን ውስጥ ይህን ያህል እንዳሉ ማን ያውቅ ነበር? የመዘምራኑ መሪ ዓይኑን አፍጥጦ "ወንጌል ይሰማል እንጂ ይታያል እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ። እውነት ነው አልኩት። መጋቢው ግን "በራችን ለሁሉ ክፍት ነው ስንል ኖረናል። የገባውስ ሰው ምን ሰማ?" አለ።

መዝሙሩ ሲያልቅ የፊተኞቹ በአንዴ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አርገበገቡ። እኔ ተቃውሞ መሰለኝ! የቤተ ክርስቲያኑ አስተናጋጅ አይደለሁ? ሮጬ "ተቀመጡ! የእግዚአብሔር ቤት ነው!" ብዬ ጮህኩባቸው። ከእነሱ በቀር ያልሰማኝ የለም። ለካ ማጨብጨባቸው ኖሯል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። የትምህርት ቤት ጓደኛህ፣ ያ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከመሃላቸው ሆኖ አየኝና በሁለት ጣቱ ክንዱን ቆንጠጥ አድርጎ ለሌሎቹ አሳየ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ።

"ምን እያለ ነው?" አልኳት አስተርጓሚዋን።

አቀረቀረች። "ስምዎን ነው የጠራው። ሰውን በሚታወቅበት ነገር የእጅ ስም ያወጡለታል። የእርስዎን ያወጣልዎት ልጅዎ ነው አሉ።"

ቁንጥጫ! በል እንጂ! ይህ ሁሉ ሰው በየመንገዱ ሲያየኝ ቁንጥጫ ሲለኝ ኖሯል!

ከዚያ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለህ ስብከት ላይ ስትቁነጠነጥ ክንድህን ቆንጥጬ እይዝህ ነበር። ምን ታድርግ ልጄ? የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ እያየህ! "እዚያ ቤት ከሰው ማጅራት በቀር ያየሁት ነገር የለም፤ ተመልሼ አልመጣም" ብለህ የጻፍክልኝ ጊዜ፣ ልጄን ሰይጣን አሳተብኝ ብዬ አለቀስኩ። ማጅራት የሚለውን ዛሬ ነው ያነበብኩት።

አስተርጓሚዋ ማስተማር ልትጀምር ነው፤ ከተማሪዎቹ አንዷ እኔ ነኝ። አሮጊት ምን ልትሆን ትላለህ አውቃለሁ። በመጀመሪያ "ልጄ" የሚለውን አሳይኝ አልኳት። እቤት እስክገባ መንገዱን ሙሉ እጄን ሳወናጭፍ ሰው አብዳለች ሳይለኝ አልቀረም። በወረቀት አይጻፍም እንጂ እጽፍልህ ነበር።

ለቤተ ክርስቲያኑ ብለህ ና አልልህም። ወደ ቤትህ ና። ስሙን ልትለውጥልኝ ባትፈልግ እንኳ ፊቴ ቆመህ ጥራኝ።

እጅህን ይባርክልህ፤ እንጀራህም አንደበትህም እሱ ነውና።

እናትህ፣
ቁንጥጫ