የመጀመሪያው ብርጭቆ ሻይ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ

ለእታለም፣ ሳልጠራት ለምትደነግጥልኝ እህቴ፣

ደብዳቤ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ይጀመራል ብለው ያስተማሩን አስተማሪ ዛሬ ቢያዩኝ ጠመኔያቸውን ጥለው ይሮጡ ነበር። ራሴ እንቁላል ነው። ቅንድቤ የለም፤ ሽፋሽፍቴም ጓደኛውን ተከትሎ ሄዷል። ባለፈው በላክሽው እቃ መሃል ደግሞ ማበጠሪያ አገኘሁ። እታለም፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት እኮ ይሄ ነው! እማዬ ሆዴ እንዳይባባ ደብቃው ነበር። እኔ ግን አግኝቼ የበሩን ምንጣፍ አበጠርኩበት። አምሮበታል።

በስልክ ያልደወልኩት ገና «ሄሎ» ስልሽ ስለምታለቅሺ ነው። ቀልዴ ሁሉ በእንባሽ ረጥቦ ይበላሻል። ወረቀት ላይ ብታለቅሺም አልሰማሽም፣ አርፈሽ ታነቢያለሽ። ፊደሉ የተንጋደደው መድኃኒቱ ጣቶቼን ስላደነዘዛቸው ነው። ሁሉንም ግን በመድኃኒቱ አላሳብብም፤ ግማሹ ድሮም እንዲሁ ነበር። የጫማ ቁጥሬን ጠይቀሽኛል። እሱ ላይ እደርሳለሁ፣ አትቸኩዪ።

መድኃኒቱ ማለቁን ሰምተሻል። ከጉልበቴ በላይ አጥንቴ ውስጥ የተሰነቀረው ያ ነገር ሟምቷል ብለውኛል። የቀረውን ደግሞ በቀዶ ጥገና አጥንቱን ቆርጠው ያወጡና በምትኩ ብረት ያስገባሉ፤ ሁሉ በጄ ካለ። ሰው ሁሉ «እሰይ፣ አለፈልህ!» ሲለኝ ሰነበተ። ማን ነገራቸው? መድኃኒቱ እኮ እንደ ክፉ እንግዳ ነው። እሱ ይሄዳል፣ ቤቱን ግን አተራምሶ ነው የሚሄደው። አፌ ቆስሎ ሰነበተ። ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ ግድግዳውን የማደንቅ መስዬ አርፋለሁ። በምሠራበት ብስክሌት መጠገኛ ቤት ዓይኔን ጨፍኜ እፈታት የነበረች ትንሽ ብሎን አሁን ከጣቴ ሾልካ እየወደቀች ትስቅብኛለች።

ከሁሉ የባሰችው ግን ምላሴ ናት። ሞተች። ዳቦው ካርቶን፣ ሾርባው የዛገ ሚስማር የተዘፈዘፈበት ውሃ፣ ሥጋው ጎማ ሆነብኝ። ጎማ ስልሽ ደግሞ በስማ በለው አይደለም፤ በሥራዬ ስንቱን ጎማ በጥርሴ ነክሼ አውጥቻለሁ።

ዶክተሩ ታዲያ ቁርጥ አድርገው ነገሩኝ። «ክብደትህ ካልጨመረ፣ ደምህም ካላገገመ ቢላዋ አላነሳብህም። ብዙም መቆየት አንችልም፤ ከዘገየን ያ ነገር መልሶ ያንሰራራል» አሉ። አንዱን ቀጠሮ በዚሁ አራዘሙት። ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ካልበላሁ አልቀደድም፣ ካልተቀደድኩ ደግሞ… ተይው፣ ስሌት ላይ ድሮም ደካማ ነኝ።

እማዬን ታውቂያታለሽ። ዶክተሩ «ይብላ» ካሏት ጀምሮ ከምድጃው ሥር አልተነሳችም። ታቀርብና ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ አፌን ታያለች። «እንዴት ነው?» «ማር ነው እማዬ!» ዞር ስትል በመስኮቱ ለጎረቤት ውሻ። ይኸው ውሻው ወፍሮ ይገባበት በነበረው የአጥር ቀዳዳ ማለፍ አቃተው። ጎረቤታችን «ውሻዬን ምን ነክቶት ነው?» እያለች በየደጁ ትጠይቃለች። እኔ ግን እንደ ማበጠሪያሽ ጥርስ አጥንቴ ተቆጠረ።

የክብደት ቀጠሮዬ ሲደርስ መላ ዘየድኩ። መቼም መላ አታጣም ትይኝ የለ? ለአለቃዬ፣ ጋሽ ብሎን ለምላቸው፣ «ጋሼ፣ አንድ ሰንሰለት ያበድሩኝ» አልኳቸው።

«ለምንህ ነው?»

«ሱሪዬ ሰፍቶኛል፣ ቀበቶ ላደርገው።»

«አይ አንተ! ከነ ቅባቱ?» እያሉ ሰጡኝ። የብስክሌት ሰንሰለት ወገቤ ላይ ጠመጠምኩ፣ ኪሶቼን በብሎንና በኩሽኔታ ብረት ሞላሁ፣ በእማዬ ኩል ቅንድብ ስዬ ሄድኩ። የዚያን ቀን የሳልኩት የተቆጣ ቅንድብ ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ሦስት ሰው ተነስቶ ወንበር ለቀቀልኝ።

ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ሲስተር መርፌው ሲፈነጠር አይታ አጨበጨበች። «ጎበዝ! እማማ፣ ይምጡና ልጅዎን ይዩት!» ብላ እማዬን ከኮሪደሩ ጠራቻት። እማዬ መጥታ ሚዛኑን አየችና እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። እዚያ ላይ ነገሩ ቢያበቃ እኮ ጀግና ነበርኩ። ጫማዬን ላደርግ ጎንበስ ስል አንድ ብሎን ከኪሴ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለና እማዬ እግር ሥር ሄዶ ቆመ።

ሲስተር አንስታ አገላበጠችው። «ይሄ ከየትኛው አጥንትህ ነው የወጣው?»

«ዶክተሩ ብረት ይገባልሃል ስላሉኝ እየተለማመድኩ ነው፣ ሲስተር።»

ሳቀች፤ ሳቋን ግን ቶሎ ዋጠችው። ዶክተሩ መጡ፤ እሳቸው ጭራሽ አልሳቁም። «የማደንዘዣው መጠን በክብደትህ ነው የሚሰላው። የዚህን ሁሉ ብረት ድርሻ አንተን ብንወጋህ ማን የሚቀሰቅስህ ይመስልሃል?» አሉኝ። ሰንሰለቱን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው እማዬ አንዴ እሱን፣ አንዴ ወገቤን ታያለች። ብሎኑን ከሲስተር ተቀብላ ቤት እስክንደርስ በእጇ ጨብጣው ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ አቀረበችልኝ። አንድ ጊዜ ፉት አልኩ። «ጣፈጠህ?» «ስኳሩ ልክ ነው!» አልኳት። «ቀዝቅዟል፣ ልቀይርልህ» ብላ ወሰደችና ሌላ አመጣች። በማግስቱም እንዲሁ፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ አንዴ ፉት ካልኩ በኋላ ትነጥቀኛለች። እየተነነ እኮ ነው ቀዝቅዟል የምትለው! ብርጭቆውን ይዛ ወደ ጓዳ ስትሄድ ደግሞ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» እያለች ታጉረመርማለች። ስለ ብሎኑ እኔን የምትመክር መስሎኝ አንገቴን እደፋለሁ።

ለውሻው መወርወሩን ግን ትቻለሁ። የዶክተሩ ነገር ሆዴ ገብቷል። ካርቶኑንም ሚስማሩንም ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት። አንዳንዱን ቀን ይመለሳል፤ ተመልሶ ሲወጣ እንደ ገና እጀምራለሁ። ጋሽ ብሎን እየመጡ አጠገቤ ይበላሉ፣ «እኔ ሦስት ስጎርስ አንተ አንድ» ይሉኛል። ሆዳቸውን ብታዪው ማን እንደታመመና ማን እንደሚታከም ግራ ይገባሻል። ውሻው ደግሞ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ተካደ ወዳጅ ሽቅብ ያየኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ብሎን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከፊቴ ተቀምጠዋል። እማዬ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሰጠችኝ። ፉት ስል ምላሴን አንድ ነገር ነከሰኝ! በአፌ የያዝኩትን ሁሉ ጋሽ ብሎን ሸሚዝ ላይ ረጨሁት።

«ጨው ነው! ማነው ስኳሩ ውስጥ ጨው የጨመረ?» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ ነኝ» አለች እማዬ፣ ፈንጠር ብላ ቆማ።

እናታችን እኮ ናት! በሕይወቷ አንዲት ቀልድ ቀልዳ የማታውቀው! «መቼ ነው የጨመርሽው?» ብላት «ብሎኑ ከተንከባለለ ቀን ማግስት ጀምሮ፣ በየጠዋቱ» አለችኝ። ስኳሩ ልክ ነው እያልኩ ሳሞግስ የነበርኩት ጨው ነው። አፌን እያየች ውሸቴን ስትቆጥር፣ ምላሴ የሚነሳበትን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። አፍሬ ልሞት ስል እልልታዋን ለቀቀችው። እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ መሐረቧን እያውለበለበች። ጋሽ ብሎን ሸሚዛቸውን ረስተው ተነስተው ጭብጨባውን አደመቁት። ጎረቤታችን ምን ተገኘ ብላ በሩጫ ስትመጣ ውሻው ተከትሏት ሊገባ ሲል በር ላይ ተቀረቀረ።

እማዬ እልልታውን ስትጨርስ ምን አለችኝ መሰለሽ? «የእህትህ አማት ያንን ሻይ የጠጡ ዕለት አስታወስክ? ብድር በምድር!»

መቼም አትረሺውም። ገና ልጅ ሆኜ የስኳሩን እቃ በጨው ሞልቼው፣ የባልሽ አባት አንድ ብርጭቆ ሙሉ ግጥም አድርገው «ድንቅ ነው» ያሉትን። አንቺ በሩ ጀርባ ሆነሽ ስትሞቺ፣ እኔ አልጋ ሥር ሆኜ ስስቅ። ስንት ዓመት ይዛብኝ ኖራለች፣ አየሽልኝ? እንዲህ ያለ ሰው እያለ እኔን ተንኮለኛ ማለት ግፍ ነው።

ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁመኝ! ጨው ቀድሞ መጣ፣ ሎሚ ተከተለ፣ ስኳር እንደ ሙሽራ ተለምኖ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ሾርባውን በልቼ ድስቱን በዳቦ ጠረግኩት። የጋሽ ብሎንን ምሳ ከፊታቸው አነሳሁባቸው፤ «አሁን ገና እየዳንክ ነው፣ ሌባ!» አሉኝ።

ትናንት ለክብደት ሄድኩ። ቅንድቤን የፈነጠዘ አድርጌ ሳልኩት። ሲስተር በቁምጣ ብቻ አስቀርታኝ፣ አፌን አስከፍታ አይታ፣ «እስቲ ዝለል፣ ድምፅ ልስማ» አለችኝ። ዘለልኩላት፤ ምንም አልተንኳኳም። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። መርፌው ሄደ፣ ሄደ፣ ዶክተሩ ካሰመሩልኝ መስመር አልፎ ቆመ። ሲስተር ሁለተኛ አስወጥታ መዘነችኝ፣ አላመነችማ! «ሥጋ ነው?» «ሥጋ ነው፣ ሲስተር።» የደም ውጤቴም ደህና ሆነ። ዶክተሩ ወረቀቴን አይተው «በል እንግዲህ፣ የፊታችን ሐሙስ» አሉ። ሐሙስ፣ እታለም! በገዛ ሥጋዬ ያሸነፍኳት ሐሙስ!

እማዬ ኮሪደሩ ላይ እያለች አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ዶክተር፣ እግሬን ይዤ እወጣለሁ?»

«የምንገባው ልናተርፈው ነው» አሉ። «ግን ካልከፈትነው የማናየው ነገር አለ። ነገርየው ዋናውን የደም ሥር ነክቶት ካገኘነው፣ ከአንተና ከእግርህ አንተን እንመርጣለን።»

«እኔም እኔን ነው የምመርጠው» ብዬ ፈረምኩ። ፊርማዬ ከዚህ ደብዳቤ ይሻላል።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ማታ ግን የድሮ ጫማዬን አውጥታ ስትወለውል አገኘኋት። ቀኙንም ግራውንም፣ አንዱን ከሌላው ሳታበላልጥ። አጠገቧ ተቀምጬ ክሩን አሰርኩላት። በደነዘዘ ጣቴ ነው ያሰርኩት፣ ግን ታሰረ።

ታናሽ ታላቁን አይመርቅም ይባላል። መላጣ ሰው ግን ሽማግሌ ነውና ልመርቅሽ፦ የስፌት መኪናሽ አይንገጫገጭ፣ መርፌሽ አይሰበር፣ የአለቃሽ ድምፅ ይዘጋ፣ ባልሽ ከሻይሽ በፊት አንቺን ያመስግን፣ እንባሽ ለሳቅ ብቻ ይውጣ። አሜን በይ፤ እዚህ ድረስ እሰማዋለሁ።

የጫማው ነገር፦ ባለፈው ሳምንት ብጽፍልሽ ኖሮ «ትንሽ ቆዪ፣ ነገሩ ይለይለት» ልልሽ ነበር። አሁን ግን አትቆዪ። ቁጥሬ አርባ ሁለት ነው፣ ቀዩን ግዢ። ጥንዱን ላኪ፣ ሁለቱንም። አንዱ ቢተርፍ ለጋሽ ብሎን የብሎን ማስቀመጫ ይሆናል፤ እኔም በአንዱ ዘልዬ ሱቃቸው ድረስ አደርስላቸዋለሁ። የቁንጫን እግር ማን ቆጥሮት ያውቃል? የሚያስፈራው ዝላዩ ነው።

እማዬ ሻይ አፍልታ ቆማለች፣ እየሳቀችም ነው። መጀመሪያ እሷ ትቅመስልኝ።

ቁንጫሽ
(ራሱ የሚያበራው፣ ምላሱ የነቃው)